ውሃው በየት በኩል ወጣ? የቤት አኳሪየም ሲያፈስ

ቤት ውስጥ ዓሣ የሚያሳድግ ሰው ከዓሣው መታመም ይልቅ የሚፈራው የመስታወቱን ማፍሰስ ነው። ቢፈራም አይፈረድበትም። ሳሎን ጥግ የተቀመጠ፣ አንድ ሜትር ርዝመት፣ 40 ሳንቲሜትር ስፋትና 50 ሳንቲሜትር ቁመት ያለው አኳሪየም እስከ አፉ ቢሞላ 200 ሊትር ይይዛል። 200 ሊትር ውሃ 200 ኪሎ ነው፤ መስታወቱ፣ ጠጠሩና ድንጋዩ ሲጨመሩበት ከሁለት ኩንታል ያልፋል። ይህ ሁሉ ክብደት በአምስት መስታወት ታጥሮ የቆመው ጥቂት ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ሲሊኮን ነው። ብሎን የለው፣ ሚስማር የለው። ሲሊኮኑ አንድ ቦታ ላይ ከለቀቀ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው ጣጣው የራሱ ብቻ አይሆንም፤ ከሥር ያሉት ጎረቤትም ኮርኒሳቸው እየረጠበ በር ሊያንኳኩ ይመጣሉ።

ደግነቱ፣ በሲሊኮን የተያያዘ የቤት አኳሪየም አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጊዜ አይዘረገፍም፤ ቀደም ብሎ ጠብ ጠብ ማለት ይጀምራል። ጥገናውም ቢሆን ትዕግሥት ያለው ሰው የሚወጣው ሥራ ነው። የሚያስቸግረው ፍለጋው ነው። ውሃው መሬት ላይ የታየበት ጥግና ከመስታወቱ የወጣበት ክፍተት ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ አይደሉም። ይህን ሳያጣራ ሲሊኮን ለመግዛት የሚሮጥ ሰው ደህናውን ጥግ ለጥፎ የታመመውን ይተዋል።

ከብረት ክፈፍ ወደ ሲሊኮን

ዓሣን በዕቃ ውስጥ ማኖር የቆየ ልማድ ነው። ዛሬ የምናውቀው አኳሪየም ግን መልኩን የያዘው በ19ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1850 ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ የለንደን ኬሚስት፣ ዓሣን ከውሃ ውስጥ ተክልና ከቀንድ አውጣ ጋር ቢያኖሩ ውሃውን በየጊዜው መለወጥ ሳያስፈልግ ማቆየት እንደሚቻል ጽፎ አሳወቀ። በ1853 የለንደን የእንስሳት ማቆያ የዓሣ ቤቱን ለሕዝብ ከፈተ፤ በዓመቱ ደግሞ የተፈጥሮ ተመራማሪው ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ ስለ አኳሪየም የጻፈው መጽሐፍ ወጣና ነገሩ የከተሜው ቤት ፋሽን ሆነ።

የዚያ ዘመን አኳሪየም የብረት ክፈፍና የድንጋይ ወለል ነበረው። መስታወቱ ከክፈፉ ጋር የሚያያዘው፣ የመስኮት መስታወት ይያዝበት በነበረው፣ በተልባ ዘይት በሚታሽ ማጣበቂያ ነው። ማጣበቂያው ውሎ አድሮ ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ ብረቱም ይዝጋል። ባዶውን የከረመ አኳሪየም እንደገና ሲሞላ ቢያፈስ ማንም አይደነቅም ነበር።

ብረቱን ያስቀረው የሲሊኮን ማጣበቂያ ነው። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያለ ክፈፍ፣ መስታወትን በመስታወት ላይ ብቻ በማጣበቅ አኳሪየም መሥራት ተቻለ። ሲሊኮን መስታወትን አጥብቆ የሚይዘው ዘመዱ ስለሆነ ነው። መስታወት በአብዛኛው የሚሠራው ከአሸዋ፣ ማለትም ከሲሊከንና ከኦክስጅን ውህድ ነው፤ ሲሊኮንም ዋናው ሰንሰለቱ ሲሊከንና ኦክስጅን እየተፈራረቁ የተያያዙበት ነው። ስለዚህ ሲደርቅ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ብቻ አይቀርም፤ በኬሚካል ይተሳሰራል። ከደረቀም በኋላ ጎማነቱን አይተውም። አኳሪየም ሲሞላ የፊት መስታወቱ በዓይን በማይታይ መጠን ወደ ውጭ ይለጠጣል፤ ግትር ማጣበቂያ ቢሆን የሚሰነጠቅበትን ቦታ ሲሊኮን አብሮ እየተሳበ ያልፈዋል።

ግማሽ ውሃ፣ ሩብ ግፊት

ውሃ ግድግዳን የሚገፋው በጥልቀቱ ልክ ነው። 50 ሳንቲሜትር ጥልቀት ላይ በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲሜትር 50 ግራም ያህል ይጫናል፤ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር እየቀነሰ ሄዶ ውሃው አናት ላይ ዜሮ ይሆናል። ቅድም ባነሳነው አኳሪየም የፊት መስታወት ላይ ይህ ሁሉ ሲደመር 125 ኪሎ ገደማ ነው። ውሃው ወደ ግማሽ ቢቀነስ ግን ግፊቱ ወደ 31 ኪሎ፣ ማለትም ወደ ሩብ ይወርዳል። ጥልቀቱ ሲጎድል የሚገፋው ኃይልም፣ የሚገፋበት ስፋትም አብረው ይጎድላሉና።

ስሌቱ በችግር ቀን ይጠቅማል። ማፍሰሱ እየጨመረ ከመጣ አኳሪየሙን እስከ ወለሉ ካላደረቅኩ ብሎ መሯሯጥ የለም፤ ግማሹን ውሃ መቅዳት ከግፊቱ ሦስት አራተኛውን ያነሳል፤ ዓሦቹም በቀረው ውሃ ይቆያሉ። ከዚያ በፊት ግን ሶኬቱ ይነቀላል። ውሃና ኤሌክትሪክ አንድ ቦታ ናቸው፤ በተጨማሪም ከውሃ ወጥቶ መሞቁን የቀጠለ ሂተር መስታወቱ ሊፈነዳ ይችላል።

ሲሊኮን ለምን ይለቃል?

በደንብ የተለጠፈ ሲሊኮን ብዙ ጊዜ ከአሥር ዓመት በላይ ያገለግላል። ዕድሜውን ከሚያሳጥሩት አንዱ የባለቤቱ ምላጭ ነው፤ መስታወቱ ላይ የበቀለውን አረንጓዴ ለመፋቅ የገባ ምላጭ ጥግ ሲደርስ ሲሊኮኑን ይበጣዋል። ሁለተኛው የተዛባ ማስቀመጫ ነው። አንዱ እግር በትንሹ እንኳ ዝቅ ካለ መስታወቶቹ ይጠማዘዛሉ፤ ያ መጠማዘዝ በየቀኑ የሚያርፈው መገጣጠሚያው ላይ ነው። ሦስተኛው ቤት መቀየር ነው። «ጠጠሩ ምን ይከብዳል» ተብሎ ከነጠጠሩና ከተረፈው ውሃ ጋር ተነሥቶ አይሱዙ ላይ የተጫነ አኳሪየም አዲሱ ቤት ደርሶ ሲሞላ ማፍሰስ ቢጀምር አያስገርምም።

መስታወት ቤት ታዝዞ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ገና ሲሠራ የሚገባ ጉድለት አለ። መስታወት ሲቆረጥ መቁረጫው የሚነከርበት ዘይት ወይም ነጭ ጋዝ ጠርዙ ላይ ከቀረ ሲሊኮኑ የተጣበቀ ይመስላል እንጂ አይይዝም። እንዲህ ያለው አኳሪየም ሳያረጅ ያፈስሳል።

በከንቱ የሚታማው መስታወት

ወለል ላይ ውሃ ታየ ማለት አኳሪየሙ አፈሰሰ ማለት አይደለም። ቀድሞ መጠርጠር ያለበት ቱቦው ነው። ከሥር ቁም ሳጥን ውስጥ የሚቀመጥ የፊልተር ጎማ በመገጣጠሚያው ያንጠባጥባል፤ የክዳኑ ማሸጊያ ቀለበትም ሲደርቅ ያሳልፋል። ማጣሪያው ቀላል ነው፦ ፊልተሩን አጥፍቶ፣ ቧንቧዎቹን ዘግቶ፣ ወለሉን አድርቆ ጥቂት ሰዓት መጠበቅ። ጠብታው ከቆመ መስታወቱ ነፃ ነው።

መብራት ከጠፋ በኋላ ብቻ የሚመጣ ውሃ ሌላ ታሪክ አለው። የአየር ፓምፑ ከውሃው ደረጃ በታች ከተቀመጠ፣ አየሩ ሲቆም ውሃው በቀጭኑ ቱቦ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል። አንዴ የመስታወቱን ጫፍ ከተሻገረ ራሱን እየሳበ ይቀጥላል፤ መብራቱ ሲመለስ ፓምፑ ውሃ ጠጥቶ፣ ምንጣፉ ረጥቦ ይገኛል። መድኃኒቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ ቫልቭ ቱቦው ላይ ማስገባት ወይም ፓምፑን ከውሃው በላይ መስቀል ነው።

ክዳኑም ይጠረጠራል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች፣ ሌሊቷ የሚቀዘቅዝ ከተማ ናት። የሞቃት አገር ዓሦች ደግሞ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ይፈልጋሉ። ከሞቀው ውሃ የሚነሳው እንፋሎት ቀዝቃዛው ክዳን ላይ ጤዛ ይቋጥርና በመስታወቱ ውጫዊ ገጽ እየተንሸራተተ ጠረጴዛው ላይ ያርፋል። የአየር አረፋ ሲፈነዳ የሚረጨው፣ ከጫፉ ተንጠልጥሎ የቀረ ጨርቅ ወይም የተክል ቅጠል እየሳበ የሚያወጣውም እንዲሁ ነው።

ወለሉ ደረቅ ሆኖ ውሃው ብቻ ሲጎድልስ? ትነት ነው ወይስ ፍሳሽ? አንድ የፕላስቲክ ኩባያ ከአኳሪየሙ ራሱ በተቀዳ ውሃ ይሞላና በከፊል እንዲጠልቅ ጠርዙ ላይ ይንጠለጠላል፤ የኩባያውም የአኳሪየሙም ደረጃ በእስክሪብቶ ይሰመራል። ሁለቱም በአንድ ሙቀት ላይ ናቸውና ትነቱ ተቀራራቢ ይሆናል። በማግስቱ እኩል ከጎደሉ ትነት ነው፤ አኳሪየሙ በልጦ ከጎደለ ግን ውሃው የሚሄድበት ቦታ አለ። በሴኮንድ አንድ ጠብታ የሚያፈስ ክፍተት በቀን ከ4 ሊትር በላይ ያወጣል፤ ባለ አንድ ሜትሩ አኳሪየም ላይ ይህ ወደ አንድ ሳንቲሜትር ይጠጋል።

ፍለጋው

ጥፋቱ የመስታወቱ መሆኑ ከተረጋገጠ መጀመሪያ የሚደረገው ማድረቅ ነው። ውጫዊው ገጽ፣ ጥጎቹ፣ የታችኛው ክፈፍና ጠረጴዛው በደንብ ይወለወላሉ። ከዚያ በየጥጉ ቁመት የሶፍት ቁራጭ ከላይ በኩል ብቻ በፕላስተር ተይዞ ይለጠፋል፤ ከሥርም ጋዜጣ ይነጠፋል። ሶፍት ጠብታን ወዲያው ስለሚያሳብቅ በዓይን የማይታይ እርጥበት እንኳ ጠቆር ብሎ ይታይበታል። እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት ግን መጀመሪያ የረጠበው ከሁሉ ላይኛው ነጥብ ማስረጃ መሆኑ ነው። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ የወረደ ውሃ ነው። ታች የፕላስቲክ ክፈፍ ካለ ደግሞ ውሃው በክፈፉና በመስታወቱ መሃል ባለው ጠባብ ክፍተት ተስቦ ይሄድና ጠረጴዛው ወደሚያዘነብልበት ጥግ ደርሶ ይንጠባጠባል። ከኋላ በግራ ተነሥቶ ከፊት በቀኝ የሚታይ ፍሳሽ የሚኖረው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ዘዴ የስልክ መብራት ነው። ብርሃኑን ከጎን በኩል ወደ መገጣጠሚያው አስጠግቶ ማየት ይበቃል። ደህና ሲሊኮን መስታወቱን ሙሉ በሙሉ ስለነካ ጠቆር ያለና አንድ ዓይነት ሆኖ ይታያል። የለቀቀው ግን አየር ወይም ውሃ ስለገባበት እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ቀጭን መስመር ወይም ጣት መሰል ቅርንጫፍ ያሳያል። ቅርንጫፉ ከውስጠኛው ጠርዝ ተነሥቶ እስከ ውጭው ከደረሰ መንገዱ ተገኘ ማለት ነው። ለወራት ቀስ እያለ ሲወጣ የነበረ ውሃ ደግሞ ሲተን ነጭ የኖራ መስመር ትቶ ያልፋል፤ ውጭ ጥጉ ላይ ያለ ነጭ ዱካ ፍሳሹ ትናንት የጀመረ እንዳልሆነ ይመሰክራል።

ይህም ካልሠራ ውሃው ራሱ እንዲናገር ይተዋል። ዓሦቹ ይወጡና አኳሪየሙ ሳይሞላበት ይቆያል፤ ደረጃው በየጥቂት ሰዓቱ በፕላስተር ምልክት ይደረግበታል። ሲወርድ ቆይቶ አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ክፍተቱ ያለው እዚያ ከፍታ ላይ ነው፤ ፍለጋው በየጥጉ ወደ አንዲት ነጥብ ይጠባል። እስከ ወለሉ ከወረደ ግን ጥፋቱ የታችኛው መገጣጠሚያ ነው። በዚያን ጊዜ ጥቂት ውሃ ትቶ የምግብ ቀለም በመርፌ የለሽ ሲሪንጅ በተጠረጠረው ጠርዝ ላይ ማንጠባጠብና ከውጭ ባለው ሶፍት ላይ ቀለሙ የት እንደሚወጣ ማየት ነው።

ዓሦቹ የት ይደሩ?

ጥገናው ከመድረቂያው ጋር ሳምንት ሊወስድ ስለሚችል ማደሪያው አስቀድሞ ይዘጋጃል። ሳሙና ነክቶት የማያውቅ ሰፊ ሳፋ ወይም ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሣጥን ይበቃል። የሚሞላው በራሱ በአኳሪየሙ ውሃ ነው፤ ሂተሩና የአየር ፓምፑም አብረው ይዛወራሉ። ዓሣ ስለሚዘል መሸፈኑ አይረሳ።

ከዓሣው እኩል መዳን ያለበት የፊልተሩ ስፖንጅ ነው። በውስጡ የሰፈሩት ባክቴሪያዎች ከዓሣው የሚወጣውን መርዛማ አሞንያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ ወደቀነሰ ናይትሬት ይለውጡታል። ስፖንጁ ከደረቀ ወይም ክሎሪን ባለበት የቧንቧ ውሃ ከታጠበ ይሞታሉ፤ አኳሪየሙ ተጠግኖ ሲመለስ ዓሦቹ በራሳቸው ቆሻሻ ይመረዛሉ። ስለዚህ ፊልተሩ ሳፋው ላይ ሥራውን ይቀጥላል። ምግብም ይቀነሳል፤ ጤነኛ ትልቅ ዓሣ ጥቂት ቀን ቢጾም አይጎዳም።

ጥገናው

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ቀዳዳው ተገኘ፣ ሲሊኮን ተገዛ፣ ከውጭ በኩል ተለጠፈ። ከውጭ የተለጠፈውን ውሃው ከውስጥ እየገፋ ያላቅቀዋል፤ ከውስጥ የተለጠፈውን ግን ያው ግፊት መስታወቱ ላይ ይጫነዋል። ሁለተኛው ስሕተት አዲሱን በአሮጌው ላይ መደረብ ነው። ሲሊኮን ከደረቀ ሲሊኮን ጋር በቅጡ አይጣበቅም፤ በላዩ የተደረበው ለጥቂት ቀን ይዞ ውሃው በመሃላቸው መንገድ ያበጃል። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ማለት ይሄ ነው።

የአኳሪየም ሲሊኮን ሁለት ሥራ በሁለት ቦታ ይሠራል። በሁለት መስታወት መሃል ያለው ስስ ሽፋን መስታወቶቹን አያይዞ የሚያቆም ነው፤ ውስጥ ጥጉን ተከትሎ የተሞላው ደግሞ ውሃውን የሚያግድ ነው። የሚነሳው ይህ የውስጡ ነው፤ የሚነሳውም የተበላሸችው ቁራጭ ብቻ ሳትሆን በሙሉ ነው። ያለዚያ አዲሱ ከአሮጌው በሚገናኝበት ጫፍ ደካማ ቦታ ይፈጠራል። ምላጩ መስታወቱ ላይ ተኝቶ ይገፋል፤ ወደ መሃሉ ሽፋን ዘልቆ እንዳይገባ ይጠነቀቃሉ። ከተላጠ በኋላ የኖራ ዱካ በአቼቶ ይነሳል፤ የቀረችውን ስስ ሽፋን አልኮል ወይም አሴቶን በነካ ጨርቅ ደጋግሞ ማሸት ያስፈልጋል። በጣት ሲነካ የሚያዳልጥ ወይም የሚለጠጥ ነገር ካለ ገና አልጸዳም።

የሲሊኮኑ ዓይነት ወሳኝ ነው። ለመታጠቢያ ቤትና ለወጥ ቤት የሚሸጠው ብዙው ሻጋታ የሚከላከል መድኃኒት አለበት፤ ሻጋታን የሚገድለው ዓሣንም ይገድላል፤ ከእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሆናል። የሚፈለገው ለአኳሪየም ተብሎ የተሠራ፣ ወይም ምንም ያልተጨመረበት ንጹሕ ሲሊኮን ነው። ከአክሪሊክ ፕላስቲክ የተሠራ አኳሪየም ግን የራሱ ማጣበቂያ አለው፤ ሲሊኮን አክሪሊክን አጥብቆ አይይዝም።

ከጥጉ በሁለቱም በኩል ግማሽ ሳንቲሜትር ያህል ተትቶ ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት የወረቀት ፕላስተር ይለጠፋል። ሲሊኮኑ ሳይቋረጥ ከላይ እስከ ታች ይጨመቃል፤ ወዲያው ጓንት ባጠለቀ ጣት በአንድ ትንፋሽ ወደ ጥጉ እየተጫነ ይሳባል። መቆም፣ ተመልሶ መነካካት የለም፤ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ ገጹ ቆዳ ያበጃል፤ ከዚያ በኋላ የነካው ጣት እየጎተተ ያቆስለዋል። ፕላስተሩም የሚነሳው ቆዳው ሳይዝ ነው።

ሲሊኮን የሚደርቀው ከአየር በሚያገኘው እርጥበት ነው፤ ሲደርቅም የአቼቶ ሽታ ያለው አሲድ ይለቃል። ከገጹ ወደ ውስጥ በቀን ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ስለሚሄድ ላዩ ደርቆ ውስጡ ጥሬ ሊሆን ይችላል። የበጋው ደረቅ አየር ደግሞ ያዘገየዋል። ለትንሽ አኳሪየም ሦስት ቀን፣ ለትልቅ አንድ ሳምንት መጠበቅ ይሻላል። ሽታው ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ውሃ አይገባበትም።

ሙከራና ውሳኔ

መፈተኛው ሳሎን አይደለም። መታጠቢያ ቤት ወይም በረንዳ ላይ፣ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ይቀመጥና ሲሶው ይሞላል፤ ደረቅ ሆኖ ካደረ ሁለት ሲሶ፣ ከዚያም ሙሉው። ሞልቶ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ከነሶፍቱ ይቆያል። ያ ውሃ ይደፋል፤ ከታጠበ በኋላ ነው ዓሣ የሚገባው።

አንዳንድ አኳሪየም ግን ለዚህ ጥገና አይሆንም። ብርማው መስመር በሁለቱ መስታወት መሃል ባለው ሽፋን ላይ ተስፋፍቶ ከታየ የውስጡን ጥግ ማደስ አይበቃም፤ መስታወቶቹ ተላቀው፣ ጸድተው እንደ አዲስ መገጣጠም አለባቸው። ይህ የመስታወት ቤት ሥራ ነው። የተሰነጠቀ መስታወትም በሲሊኮን አይድንም፤ ያ መስታወት ይቀየራል። ወለሉ ከተሰነጠቀና አኳሪየሙ ትልቅ ከሆነ ጠግኖ ሳሎን ውስጥ ከማስቀመጥ ለእንሽላሊት ወይም ለተክል ደረቅ ማኖሪያ ማድረግ ይመረጣል።

ለሌላው ሁሉ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ማስቀመጫውን በውሃ ልክ ማስተካከል፣ ክፈፍ ለሌለው አኳሪየም ከሥር ስስ ፎም ማንጠፍ፣ ምላጭን ከጥግ ማራቅ፣ ቤት ሲቀየር ጠጠሩን ሳይቀር ማውጣት። በየጊዜው ደግሞ የስልክ መብራት ይዞ አራቱን ጥግ መዞር። ጥገና የተደረገበት ቀንና የተጠገነው ጥግ በፕላስተር ላይ ተጽፎ ከኋላ መስታወት ላይ ቢለጠፍ ከዓመታት በኋላ ውሃ ሲታይ ፍለጋው የት እንደሚጀምር ይታወቃል።